ስለ እናት እቅፍ

ከአባያ ሐይቅ በላይ በጋሞ ደጋ ላይ ብርብር ማርያም የምትባል ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች። በጋሞ አገር በቆየው ልማድ ጥጡን የምትፈትል ሴቲቱ ናት፤ የሚሸምነውም ወንዱ ነው። ሕፃኑ እናቱ በፈተለችው፣ አባቱ በሸመነው ልብስ ታዝሎ ያድጋል። የአገራችን ሠዓልያንም ብሥራተ ገብርኤልን ሲሥሉ እመቤታችንን ብዙ ጊዜ ፈትል እንደያዘች ያሳዩናል። እንግዲህ የጋሞ እናት እንዲህ ያለውን ሥዕል ባየች ጊዜ የገዛ እጇን ሥራ ታገኝበታለች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ አዘዙ። በዘመናቸው የነበረው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበትን ሥዕል ሣለ። በዚያው ምእት ዓመት ከተሣሉት በአንዳንዶቹ፣ መላእክት በግራና በቀኝ ቆመው ሳለ፣ ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ የእናቱን አገጭ ይዳስሳል።

በኢጣልያም ራፋኤሎ የተባለው ሠዓሊ በ1483 ተወለደ፤ እናቱም በ1491፣ እርሱ ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ሞተችበት። ሰው ሆኖ በ1514 ገደማ የሣለው ክብ ሥዕል ዛሬ በፊሬንዜ ከተማ በፒቲ ቤተ መንግሥት ይገኛል። በዚህ ሥዕል እመቤታችን ዘውድ አልደፋችም፤ እንደ ማንኛዪቱም ባላገር እናት በራሷ ባለ መስመር መጠምጠሚያ፣ በትከሻዋ ባለ ዘርፍ መደረቢያ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልጇን በሁለት እጇ አቅፋ ራሷን ወደ ራሱ አስጠግታለች።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ ወገን ልጁን በእንግዳ ፊት ማቀፍ ክብሩን የሚቀንስበት የሚመስለው ብዙ ነው። በሥራና በግብዣ ብዛትም ልጁ ከወላጆቹ ይልቅ የሞግዚቱን ጉልበት የሚያውቅበት ቤት አለ። ሞግዚት መያዝ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሕፃኑ እጁን ሲዘረጋ የእናቱን ፊት ማጣቱ ነው። ራፋኤሎን ከእናቱ የለየው ሞት ነበር፤ እኛን ከልጆቻችን የሚለየን ግን ግብዣና ይሉኝታ ነው። በመላእክት መካከል ያላሳፈረ እቅፍ በእንግዳ ፊት ሊያሳፍረን አይገባም እንላለን።