ክርክሩ እስኪያልቅ ገንዘብ የሚጎድልበት ማን ነው?

አሜሪካ በሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ክሬዲት ካርድ ስሙ አያምርም። «ዕዳ ውስጥ ይከታል» ይባላል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ጫማም ሆነ የአውሮፕላን ትኬት ሲገዛ ከኪስ የሚወጣው ደመወዝ የሚገባበት ሂሳብ ዴቢት ካርድ ነው። ሰው ባለው ገንዘብ መግዛቱ የሚያስመሰግን ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን ይኸው ጥንቃቄ ገዢውን ሊጎዳው ይችላል።

ሁለቱ ካርዶች ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚወጣው ነገር ሲበላሽ ነው። በዴቢት የተከፈለ ገንዘብ በቀጥታ ከገዢው ሂሳብ ይቀነሳል። በክሬዲት ሲሆን ለጊዜው የሚወጣው የባንኩ ገንዘብ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው የወሩ ሂሳብ ሲደርሰው ነው።

ዕቃው ሳይመጣ ቢቀርስ? ክሬዲት ካርድን የሚመለከተው የ1974 የአሜሪካ ሕግ ያልደረሰን ዕቃ እንደ ሂሳብ ስህተት ይቆጥረዋል። ገዢው ሂሳቡ ከተላከለት በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ባንኩ እስኪያጣራ ድረስ ያከራከረውን ገንዘብ አለመክፈል መብቱ ነው። ለዴቢት ካርድ የወጣው የ1978ቱ ሕግ ግን ከስርቆት ይከላከላል እንጂ ያልደረሰን ዕቃ አይመለከትም። እዚህ ላይ ገዢው ያለው ተስፋ የቪዛና የማስተርካርድ የውስጥ ደንብ ነው።

ስርቆትም ቢሆን እኩል አይደለም። በክሬዲት ካርድ ሌባ ቢገዛበት ባለቤቱ በሕግ የሚጠየቀው ቢበዛ 50 ዶላር ነው። በዴቢት ሲሆን ቶሎ ያሳወቀ ሰው ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ባንኩ ግን ለማጣራት 10 የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል። የቤት ኪራይ ደግሞ 10 ቀን አይጠብቅም።

ክሬዲትን የሚፈሩ ሰዎች ያለ ምክንያት አይደለም የሚፈሩት። በብዙ ካርዶች ላይ ወለዱ በዓመት ከ20 በመቶ ያልፋል። ይሁን እንጂ በግዢ ላይ ወለድ የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ የወሩን ሂሳብ በቀኑ ሙሉ በሙሉ ላልከፈለ ነው።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ክሬዲት ካርድ በቀላሉ የማያገኘው አዲስ መጤውና ገቢው ትንሽ የሆነው ነው። ገንዘቡ ለሳምንት ቢታገድበት የሚቸገረውም እሱ ነው። ሕጉ ግን የተሻለውን ጥበቃ ለሌላው ሰጥቶ፣ እሱን ደጅ ያስጠናዋል። ገንዘቡ ከየትኛውም ካርድ ይውጣ፣ ዕቃ ያልደረሰው ሰው መብቱ አንድ መሆን ነበረበት።

ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ጥንቃቄው ቦታውን ይቀይር። የብድር ታሪክ የሌለው ሰው ገንዘብ አስይዞ የሚወስደው ክሬዲት ካርድ አለ። የዕቃውን ዋጋ ሂሳቡ ላይ አስቀምጦ በክሬዲት ይግዛ፤ ዕቃው ሲደርሰው በቀኑ ይክፈል። ዕዳ የሚፈራ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ዕዳ አይገባም፤ ዕቃው ቢቀርም የቤት ኪራዩ አይጎድልበትም።