ተወዛዋዥም ሠራተኛ ነው

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን ማስታወሻዬን ከአንባብያን ደብዳቤዎች መካከል ስፍራ ሰጥተው እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው ስለ ውዝዋዜ ነው ብዬ ስጀምር አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ፈገግ እንደሚሉ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ የእንጀራ፣ የሕግና የአገር ቅርስ ጉዳይ ስለሆነ፣ አንባብያን እስከ መጨረሻው እንዲታገሡኝ እማጠናለሁ።

እንደሚታወቀው ሚያዝያ 21 ቀን በየዓመቱ የዓለም የዳንስ ቀን ሆኖ ይከበራል። ቀኑ በዓለም አቀፉ የቴአትር ኢንስቲትዩት የዳንስ ክፍል አማካይነት በ1974 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ዕለቱም የተመረጠው ዣን ዦርዥ ኖቬር የተባለው ፈረንሳዊ የዳንስ መምህር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1727 የተወለደበት ዕለት ስለሆነ ነው። በየዓመቱም አንድ ስመ ጥር የሙያው ሰው ለዓለም ተወዛዋዦች መልእክት ይጽፋል። በ2018 ከጻፉት አንዱ የቡርኪና ፋሶው ሳሊያ ሳኑ፣ በ2020 የጻፈው ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ግሪጎሪ ማኮማ እንደ ነበሩ ስናስታውስ፣ አፍሪካ በዚህ ማዕድ ላይ እንግዳ አለመሆኗን እንረዳለን።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ እኛ በዚህ ቀን ተሰብስበን ምን እንነጋገራለን? የለመድነው መድረክ ማስጌጥ፣ የብሔረሰቦችን ልብስ በየተራ ማሳየት፣ ንግግር ማድረግና ፎቶግራፍ መነሣት ነው። ይህን አልነቅፍም፤ ደስታም ያስፈልጋል። የሆነ ሆኖ ከበሮው ሲቆም ተወዛዋዡ ወዴት እንደሚገባ፣ ሲታመም ማን እንደሚያሳክመው፣ ሲያረጅ በምን እንደሚኖር የሚጠይቅ ስብሰባ ካልሆነ፣ ቀኑ የተመልካች ቀን እንጂ የተወዛዋዥ ቀን ሊባል አይችልም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤተ ዘመዴ የደረሰ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ በከተማችን በሚገኝ በአንድ የባህል ምግብ ቤት 12 ዓመት ተወዛዋዥ ሆና ሠርታለች፤ የእርሷንም የቤቱንም ስም አልጠቅስም። በአንድ ማታ የትግራዩን ቀሚስ አውልቃ የወላይታውን ትታጠቃለች፤ ከዚያ ወደ ጉራጌው፣ ቀጥሎም ወደ ሐረርጌው ሸጎዬ ታልፍና በጎንደሩ እስክስታ ትጨርሳለች። ማለትም ትከሻን፣ ወገብንና ጉልበትን በየተራ የሚያደክም ሥራ፣ ያለ ዕረፍት፣ ሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ሸክላ ወለል ላይ ትሠራለች ማለት ነው። በሠለጠኑት የዳንስ ቤቶች ወለሉ ከእንጨት ሆኖ ከሥሩ ክፍተት ይተዉለታል፤ የዝላዩን ኀይል ወለሉ እንዲቀበልና ጉልበት እንዳይቀበለው ነው። እርሷ ግን 12 ዓመት በጉልበቷ ተቀበለችው።

አንድ ማታ የጉራጌውን ስትጨፍር ጉልበቷ ከዳት። ሐኪሙ ስድስት ወር ዕረፊ አላት፤ ቤቱም በሳምንቱ ሌላ ልጅ በቦታዋ አስገባ። ለሕክምናው የተከፈለው ገንዘብ ጓደኞቿ ከየኪሳቸው ያዋጡት ነበረ። ልጠይቃት ሄጄ፣ «የሥራ ውልሽን አምጪና እንየው» ብላት፣ «ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ውል የሚባል ነገር የለም፤ ኑ ሲሉን እንመጣለን፣ ቅሩ ሲሉን እንቀራለን» አለችኝ። እኔ በመዝገብ ቤት 19 ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ፋይል የሌለው ሰው በቢሮ ዓይን እንዳልተወለደ እንደሚቆጠር ዐውቃለሁና ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ሕጉን እንመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንድ ሰው በሌላው መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው ሊሠራ ከተስማማ የሥራ ውል አለ ይላል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሲታከም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዝ ይከፈለዋል። እንዲሁም በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው 11 ከመቶ፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ ያዋጣሉ፤ የጡረታ አበል ለማግኘትም ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ 12 ዓመት ሠርታለች፤ ከዚህ ውስጥ አንዲት ቀን እንኳ አልተመዘገበችላትም። ስለዚህ የጎደለን ሕግ አይደለም፤ የጎደለን የወጣውን ሕግ እስከ መድረኩ ጓዳ ድረስ ማስገባት ነው።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ለአንድ ሠርግ ተጠርቶ ዋጋውን ተዋውሎ የሚሄድ ተወዛዋዥ የቤቱ ሠራተኛ ነው አልልም፤ እርሱ እንደ አናጢ ሥራውን በቁርጥ የያዘ ሰው ነው። ነገር ግን ዘወትር በ12 ሰዓት ማታ የሚገባው፣ የቤቱን ልብስ የሚለብሰው፣ በቤቱ ኀላፊ ትእዛዝ ተራውን የሚጠብቀው፣ ሲዘገይ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ተወዛዋዥ፣ ከአስተናጋጁና ከወጥ ቤቱ ሠራተኛ በምን ይለያል? እንግዳ በግንባሩ ላይ የሚለጥፍለት ብር ሽልማት እንጂ ደመወዝ አይደለም። ሽልማት አለልህ ተብሎ ደመወዝ ሲቀነስበት፣ ጡረታውም አብሮ እንደሚቀነስ ማን ያስታውሰዋል?

የቤቶቹ ባለቤቶች የሚሉትንም ሰምቻለሁ። «ተወዛዋዥ ዛሬ እኛ ጋ፣ ነገ ሌላ ቤት ነው፤ የማይጸናውን ሰው እንዴት እናስመዝግብ?» ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ሆኖም አንድ ሰው የማይጸናው የሚያጸናው ነገር ስለሌለ ጭምር ነው። የሚያጸናው ውል፣ የሚያሳክመው መድን፣ የሚቆጠርለት አገልግሎት ካገኘ ከቤት ቤት መዞሩን ይቀንሳል፤ ቤቱም የለመደ፣ የሠለጠነ ሰው ያገኛል።

በሻይ ሰዓት ይህን ሳነሣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «አሁን ደግሞ ለመጨፈርም ጡረታ ሊከፈል ነው?» ብለው ሳቁ። በበኩሌ አልተቀየምኳቸውም፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት አስተሳሰብ ነው። አዝማሪውን ጠርተን እንስቃለን፣ እንሸልማለን፤ ልጃችን አዝማሪ እሆናለሁ ቢለን ግን እንቆጣለን። ይሁን እንጂ የአካል እንቅስቃሴን እንደ ትምህርት መቁጠር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ትምህርት ቤት ተማሪው መቋሚያውንና ጸናጽሉን ይዞ እያንዳንዱን እርምጃና ዝማሜ ለዓመታት ተምሮ በመምህሩ ተፈትኖ ነው የሚመረቀው። ያንን ቅዱስ ሥርዓት ከምግብ ቤት ጭፈራ ጋር ለማነጻጸር አይደለም፤ አባቶቻችን እግርና እጅ የሚማሩት ዕውቀት እንዳለ ያውቁ ነበር ለማለት ነው።

ከዚህም በቀር የባልደረባዬን ጥያቄ መንግሥት ራሱ አስቀድሞ መልሶታል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተወዛዋዦችን በደመወዝ ቀጥረው ሲያሠሩ ኖረዋል። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ቡድን፣ በድርቁ ዘመን ለተደረገልን ርዳታ ምስጋና ሊያቀርብ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሲላክ፣ ከዘፋኞቹ ጋር ተወዛዋዦቹም የአገር መልእክተኞች ነበሩ። በመንግሥት ቴአትር ቤት ሲሠራ ሥራ የሆነው ነገር መንገዱን ተሻግሮ በምግብ ቤት ሲሠራ ጨዋታ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሙያው በሥልጠና የት ሊደርስ እንደሚችልም በዓይናችን አይተናል። በ1988 ዓ.ም. ሚስተር ሮይስተን ማልዱም የተባሉት እንግሊዛዊ የዳንስ መምህር እዚሁ አዲስ አበባ ከጎዳና ልጆች ጋር ትርኢት አዘጋጅተው ነበር። ከእነርሱ መካከል የተመረጡት የአምስት ዓመት ትምህርት ተሰጥቷቸው «አዱኛ» የተባለውን የዳንስ ቡድን አቆሙ። ከዚያው የወጣው ጁነይድ ጀማል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ሮሌክስ በሚያካሂደው ዓለም አቀፍ የሥልጠና ፕሮግራም ተመርጦ ከጃፓናዊው የዳንስ ሊቅ ሳቡሮ ተሺጋዋራ ዘንድ ተምሯል። በእስራኤልም በ1995 ወይዘሮ ሩት ኤሼል በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ የሄዱ ተማሪዎችን ሰብስበው «እስክስታ» የተባለ የዳንስ ቴአትር አቋቁመው ነበር። የእኛው የትከሻ ጥበብ በሰው አገር የዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲሆን፣ በገዛ አገሩ ከእራት ጋር የሚቀርብ ማጣፈጫ ብቻ ሆኖ ቢቀር ያሳዝናል።

ሌላው ነገር የቅርሱ ጉዳይ ነው። የሲዳማው ፍቼ ጨምበላላ በ2008፣ ጥምቀት በ2012፣ የሐረሩ ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። በእነዚህ በዓላት ሁሉ ጭፈራ አለ። መዝገቡ ግን የበዓሉን ስም ይጠብቃል እንጂ የእርምጃውን ዝርዝር አይጠብቅም። የሃንጋሪ ሊቃውንት ማርቲን ጌዮርጊና ባሊንት ሻሮሺ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ወደ አገራችን መጥተው ሙዚቃችንንና ጭፈራችንን አጥንተዋል። ቲቦር ቫዳሺ የተባሉትም ከ1970 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ጭፈራችን በተከታታይ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ስንት አዋቂ ሽማግሌ አልፏል! ዛሬ በየምግብ ቤቱ የምናየው የጎጃምና የወሎ፣ የሸዋና የጎንደር እስክስታ ቀስ በቀስ አንድ ዓይነት እየሆነ መምጣቱን ልብ ያለ ሰው ያየዋል። ምክንያቱም አንድ ተወዛዋዥ ሁሉንም በአንድ ማታ እንዲጫወት ስለሚገደድ፣ የሚማረውም ከባላገሩ ሳይሆን ከቪዲዮ ስለሆነ ነው። ሙያተኛውን የማይጠብቅ አገር ቅርሱን ሊጠብቅ አይችልም ያልኩት በዚህ ነው።

የስም ነገርም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዳንስ ድርሰትን ከሥራዎች መካከል፣ ተወዛዋዥንም ከከዋኞች መካከል ይቆጥራል። ነገር ግን አንድ የሙዚቃ ክሊፕ ሲወጣ የዘፋኙ፣ የዜማ ደራሲው፣ የካሜራ ሠራተኛው ስም ሲጻፍ፣ እርምጃውን የደረሰውና ላቡን ያፈሰሰው ሰው ስም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስም ያልተጻፈለት ሰው ነገ መብቱን በምን ማስረጃ ይጠይቃል?

እንግዲህ ነቅፎ ብቻ መሄድ ተገቢ ስላልሆነ፣ ለመጪው ሚያዝያ 21 የሚመስለኝን በአጭሩ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከትርኢቱ በፊት በጠዋቱ ተወዛዋዦች፣ የቤት ባለቤቶች፣ የሥራ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎችና የጡረታ ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አንድ የሥራ ውል ናሙና ቢያዘጋጁ። ሁለተኛ፣ ተወዛዋዦች ተነጣጥለው ከሚለምኑ በማኅበር ተደራጅተው ቢጠይቁ፤ ማኅበር ያለው ሰው ደጅ ጠንቶ አይመለስም። ሦስተኛ፣ ከየክፍለ ሀገሩ አንድ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ተጠርቶ እርምጃው በፊልም ተነሥቶ፣ ስሙም ተጽፎ በመዝገብ ቢቀመጥ። ይህ ሁሉ ከአንድ ቀን ድግስ የበለጠ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ከላይ ያነሣሁት ኖቬር የሚታወሰው በጭፈራው ብቻ አይደለም። በ1760 ስለ ዳንስ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አሳትሞ፣ በዚያ ዘመን የኦፔራ ማሟያ ሆኖ የኖረው ዳንስ በራሱ የቆመ ጥበብ እንዲሆን፣ ፊትን የሚሸፍነው ጭምብልም እንዲቀር ተከራክሯል። የእኛም ተወዛዋዥ ዛሬ የዘፋኝና የምግብ ማሟያ ሆኖ ቆሟል፤ ፊቱም በጭምብል ባይሸፈን ስሙ ተሸፍኗል። የዳንስ ቀን የደብዳቤ ጸሐፊ ልደት ከሆነ፣ እኔም ይህችን ደብዳቤ መጻፌ ከቦታው የወጣ አይመስለኝም።

የአክስቴ ልጅ አሁን በከዘራ ትሄዳለች፤ ጉልበቷ ሲሻላት ልጆችን ላስተምር ትላለች። የምታስተምራቸውን ልጆች ግን ከእርሷ ዕድል የተሻለ ዕድል እንዲጠብቃቸው የማድረግ ኀላፊነት የእርሷ ብቻ አይደለም። እኛ በየወሩ 7 ከመቶ ሲቆረጥልን የምናጉረመርም የመንግሥት ሠራተኞች፣ የሚቆረጥለት ያጣ ሰው መኖሩን እናስብ። ቅዳሜ ማታ እንግዳ ይዘን ወደ ባህል ቤት ስንገባም፣ ብሩን ከመለጠፋችን በፊት የቤቱን ኀላፊ፣ «እነዚህ ልጆች ውል አላቸው ወይ?» ብለን ብንጠይቅ ጥሩ መጀመሪያ ይሆናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
አዲስ አበባ