የኢሳክን ዋጋ ታውቃለህ፤ የፋሲልንስ?



አሌክሳንደር ኢሳክ ከኒውካስል ወደ ሊቨርፑል በስንት ሄደ? 125 ሚሊዮን ፓውንድ። ሳታስብ ነው የመለስከው። ዮኬሬሽ ከየት መጣ? ከስፖርቲንግ ሊዝበን። ኤዜን ከቶተንሃም አፍ የነጠቀው ማነው? አርሰናል! ነፋስ መውጫ ላይ ጠይቅ፣ አርብ ገበያ ላይ ጠይቅ፣ ወገዳም መካነ ኢየሱስም ላይ ጠይቅ፤ መልሱ አንድ ነው። መብራት እየሄደ፣ ኔትወርክ እየጠፋ ይሄን ሁሉ ከየት እንደምንሰማው እግዜር ይወቅ፤ ግን እናውቃለን።

አሁን ሌላ ልጠይቅህ። ፋሲል ከነማ ዘንድሮ ለተጫዋች ስንት አወጣ? ባህር ዳር ከተማስ? አዲስ የፈረሙት ልጆች የስንት ዓመት ውል አላቸው? ውላቸው ሲያልቅ ክለቡ ምን ይቀረዋል?

ዝም አልክ አይደል? ይሄ ዝምታ ነው ዛሬ የሚያጽፈኝ።

ኳስ ተዉ የምል እንዳይመስልህ። ዲግሪ ይዞ ቁጭ ያለ ወጣት ለዘጠና ደቂቃ ሀሳቡን የሚረሳበት ነገር ቢያገኝ ማን ይከለክለዋል? እኔም ያው ዲግሪ ይዤ ከተቀመጡት ነኝ፣ ጨዋታም አያመልጠኝም። የምለው ሌላ ነው። ለንደን ላለ ክለብ የምናወጣውን ጭንቅላት ለራሳችን ክለብ፣ ለራሳችን ሰፈር ልጅ ብናወጣው ምን ይሆን ነበር? ነው ጥያቄው።

በመጀመሪያ የጅማሮውን ነገር እንየው።

በ2017 ነሐሴ ላይ ማንችስተር ዩናይትድ በአራተኛው ዲቪዚዮን በሚጫወተው ግሪምስቢ ታውን በመለያ ምት ተሸንፎ ከካራባኦ ዋንጫ ሲወጣ፣ አሞሪምን ያላባረረው ማነው? ሊቨርፑል ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አምስት የሊግ ጨዋታዎች በተከታታይ ሲያሸንፍ ዋንጫውን ያልሰጠው ማነው? ከዚያስ? በመስቀል ዕለት በክሪስታል ፓላስ ተሸነፈ፣ ቀጥሎ በቼልሲ፣ ጥቅምት 9 በገዛ ሜዳው አንፊልድ ላይ ያውም በዩናይትድ፣ ከዚያ በብሬንትፎርድ። አራት ተከታታይ ሽንፈት! ነሐሴ ላይ የተቀበረው ዩናይትድ ጥቅምት ላይ ሊቨርፑልን ቀበረው። ኢሳክን ያህል ሰው ገዝተህም ቢሆን ቡድን በአንድ ወር አይሰራም።

ይሄን ከጉና ገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም። ገብሱ መስከረም ላይ አማረ ብሎ ጎተራ የሚያሰፋ አባት አይቼ አላውቅም። ውርጭ አለ፣ በረዶ አለ። ወሬው የሚለየው አውድማ ላይ ነው። እኛ ግን የአባቶቻችንን ትዕግስት ለማሳ ትተን፣ ለኳስ የሦስት ሳምንት ዳኛ ሆነናል።

የሀገር ቤቱንም ተመልከት። ፋሲል በ2011 ዋንጫውን እስከ መጨረሻው ሳምንት ታግሎ ለመቐለ 70 እንደርታ አስረከበ። ያኔ አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ነበር። ልባችን ተሰበረ፣ ግን ቡድኑ አልፈረሰም። በ2013 በሥዩም ከበደ እየተመራ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ጎንደር አገባ። የዋንጫው አሰልጣኝ ግን ቀጣዩን ዓመት ሳይጨርስ ተለያየ። ባህር ዳር ከተማን ደግሞ እይ። ደግአረገ ይግዛውን ይዞ በ2015 ሁለተኛ ሆነ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጣለ፣ ከዚያ በኋላ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሰናበተ። አዛምን ያህል ገንዘብ ያለው ክለብ! ይሄ የመጣው በሦስት ሳምንት ውስጥ በሚወጣ ስድብ አይደለም።

ስለዚህ ዘንድሮ ዐጼዎቹ ወይም የጣና ሞገዶቹ ሁለት ጨዋታ ሲጥሉ «አሰልጣኙ ይባረር» ብለህ ከመጻፍህ በፊት አንዴ ተንፍስ። ስንት አዲስ ተጫዋች ገባ? ስንት ነባር ወጣ? አብረው ስንት ሳምንት ተለማመዱ? እነዚህን ሳትጠይቅ የምትሰጠው ፍርድ ፍርድ አይባልም።

ወደ ዝውውሩ ልምጣ። ዋናው ነገር እዚህ ነው።

አውሮፓ ላይ ተጫዋች ሲገዛ ገንዘቡ የሚሄደው ለሸጠው ክለብ ነው። ተጫዋቹ የአምስት የስድስት ዓመት ውል ይፈርማል። ክለቡ ካልተመቸው መልሶ ይሸጠዋል። ተጫዋቹ ለክለቡ ንብረት ነው ማለት ነው። እኛ ጋስ? አብዛኛው ውል የአንድና የሁለት ዓመት ነው። ገንዘቡ በደመወዝና በፊርማ መልክ ይወጣል፣ ውሉ ሲያልቅ ልጁ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ ክለቡ ባዶ እጁን ይቀራል። በዓመቱ ክረምት ሲመጣ እንደገና ከዜሮ ግዢ። ጉድጓድ ውስጥ ውሃ እንደማፍሰስ በለው።

ተጫዋቹን አትውቀስ። የኳስ ዕድሜ አጭር ነው፣ ጉልበቱ ቢሰበር ማን ያሳክመዋል? እሱ ያገኘውን ይውሰድ። የሚጠየቀው ክለቡ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው የሊጋችን ክለብ የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግስት ድርጅት ገንዘብ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ነው። በ2011 ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አወጣ። ከዚያ በኋላ «ከጀርባ ይከፈላል» የሚለው ወሬ መች ቆመ? በቅርቡ ደግሞ የሊጉ አክሲዮን ማህበር የክለቦችን ወጪ የሚቆጣጠር የፋይናንስ ደንብ አምጥቷል። ጥሩ ነው። ግን ደንቡን የሚያስከብረው ቢሮ ብቻ አይደለም፣ ጠያቂ ደጋፊም ጭምር ነው። አንተ የአርሰናልን ሂሳብ እንደ ባንክ ሰራተኛ እየደመርክ የራስህን ክለብ ሂሳብ ካልጠየቅክ ማን ይጠይቅልህ?

የትኬት ገቢውንም አስብ። ከ2013 ወዲህ ለዓመታት ሊጉ ክለቦችን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ነው ያጫወተው። በዲኤስቲቪ መታየቱ ደስ አሰኝቶናል፤ የጎንደር ሕዝብ ግን ፋሲልን በገዛ ሜዳው ማየት ናፈቀው። ደጋፊ ስታዲየም ካልገባ ክለብ በድጎማ ብቻ ይኖራል። ድጎማ ሲቆም ምን እንደሚሆን ደግሞ ከጎንደር በላይ ማን ያውቃል? ዳሸን ቢራን ታስታውሰዋለህ፤ በ2008 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፣ ከዚያ ፈረሰ። ፋሲልም እንዲህ እንዳይሆን የምንመኘው በጸሎት ብቻ ነው እንዴ?

ታዲያ መፍትሄው ምንድነው ትለኝ ይሆናል። ማሳደግ!

ኤዜን እንይ። አርሰናል በ13 ዓመቱ «አትሆነንም» ብሎ ያሰናበተው ልጅ ነው። በ2017 ነሐሴ ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎ መልሶ ወሰደው። ያልያዝከውን ልጅ ነገ በዚህ ዋጋ ትገዛዋለህ ማለት ነው። ያው አርሰናል ግን ሳካን በልጅነቱ ይዞ አሳደገ፣ በዚያው ወር ደግሞ የ15 ዓመቱን ማክስ ዳውማንን ሊድስ ላይ አሰለፈ። እኛም ሀገር ምሳሌ አለ። አቡበከር ናስር በ2013 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አገባ፤ በዓመቱ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። መሸጥ ይቻላል፤ የሚሸጥ ልጅ ካለህ።

አሁን ብዙዎቻችን የማናውቀውን ነገር ልንገርህ። ፊፋ የአብሮነት ክፍያ የሚባል ሕግ አለው። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከሀገር ወደ ሀገር በገንዘብ ሲሸጥ፣ ከዋጋው 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ። በአንድ ሀገር ውስጥ ሲሸጥም ያሳደገው ክለብ የሌላ ሀገር ከሆነ ድርሻው አይቀርበትም። በኢሳክ ዋጋ አስላው። ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን ተወልዶ፣ ኤአይኬ የሚባል የስቶክሆልም ክለብ ውስጥ ነው ያደገው። የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ላሰለጠነበት አንድ ዓመት ብቻ 0.25 በመቶ ማለት 312,500 ፓውንድ ነው። ለአንድ ዓመት! በብር መንዝረውና ስንት የወረዳ ሜዳ እንደሚያስተካክል ቁጠር።

ግን ሕጉ ቅድመ ሁኔታ አለው። ክለቡ በፌዴሬሽን የታወቀ፣ ልጁም በክለቡ ስም የተመዘገበ መሆን አለበት። ያልተጻፈ ልጅ ያልሰለጠነ ልጅ ነው። ስማዳ ላይ በጨርቅ ኳስ ሦስት ሰው አታልሎ የሚያልፈው ልጅ ስሙ የት ተጽፏል? የልደት ካርድ አለው? የትኛው ቡድን መዝግቦታል? ነገ አንድ ሰው አይቶት አዲስ አበባ ቢወስደው፣ ከዚያ ካይሮ ቢሸጥ፣ ለስማዳ የሚቀረው «የእኛ ልጅ እኮ ነው» የሚል ወሬ ብቻ ነው።

ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ልበል፤ ሦስቱም ሚሊዮን አይጠይቁም።

አንደኛ፣ በየወረዳችን በስፖርት ሳይንስ ተመርቆ ቤቱ የተቀመጠ ወጣት አለ። ሥራ የለውም፣ እውቀት ግን አለው። ከትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ጋር ሆኖ በሳምንት ሁለት ቀን ሃያ ታዳጊ ቢይዝ ፕሮጀክት ተጀመረ ማለት ነው። ደመወዝ ባይኖረውም የሥራ ልምድ ይሆነዋል፣ ነገ የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ኮርስ ሲመጣ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ሁለተኛ፣ መዝገብ። የልጁ ሙሉ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ቡድኑ፣ የተጫወተበት ዓመት። ደብተር ላይ ጀምሩትና በወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ፌዴሬሽኑ ምዝገባ ግፉት። ደብተሩ ብቻውን ሕጋዊ መብት አይሰጥም፣ ግን ያለ ደብተር የሚጀመር ምዝገባ የለም።

ሦስተኛ፣ ፋሲልንና ባህር ዳርን ጠይቁ። ስድብ አይደለም፣ ጥያቄ። «በዓመት ስንት ጊዜ ወደ ደቡብ ጎንደር ወረዳዎች መልማይ ትልካላችሁ? ከታዳጊ ቡድናችሁ ስንቱ ዋናው ቡድን ደረሰ? ለግዢ ስንት፣ ለታዳጊ ስንት መደባችሁ?» አንድ ሰው ቢጠይቅ ይስቁበታል። አምስት ሺህ ደጋፊ ቢጠይቅ መልስ ይፈልጉለታል።

ቤቲንግን ሳላነሳ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ሊጋችን ራሱ ከ2013 ጀምሮ የቤቲንግ ድርጅት ስም ተሸክሞ ተጫውቷል። ወጣቱ «ዛሬ ይበላል» እያለ የእናቱን የእንቁላል ብር ያስይዛል። የሊቨርፑልን አምስት ድል አይቶ ስድስተኛውን የቆረጠ ስንት ነው? የጅማሮ ውጤት ዋስትና እንደማይሆን የሚያውቀው ቤቲንግ ቤቱ ነው፤ አንተ ስለማታውቀው ነው እሱ የሚኖረው። አምስት ልጅ ለአንድ ወር ለቲኬት የሚያወጣውን ቢያጠራቅም እኮ የቆዳ ኳስ ይገዛል።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ያሬድ ባየህ የፋሲል አምበል ሆኖ ዋንጫ አነሳ፣ ከዚያ ወደ ባህር ዳር ሄደ። ምን ያላልነው አለ? «ከሃዲ» ድረስ ተባለ። ወንድሜ፣ ከጎንደር ባህር ዳር መሄድ መቼ ነው ክህደት የሆነው? ሜዳ ላይ ዘጠና ደቂቃ ተፎካከሩ፣ ተቀላለዱ፣ የጨዋታው ጨው ነው። ፊሽካው ሲነፋ ግን የአንድ ቤት ልጆች ነን። ሰፈር ለሰፈር የሚሰዳደብ ደጋፊ ክለቡን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ዓመቱ ያልቅበታል። ለሂሳቡ የሚጠየቀው ሰው ከዚህ የተሻለ ደጋፊ ከየት ያገኛል?

እንግዲህ ያንተን ወረዳ ንገረን። ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ፣ የትም ሁን። ታዳጊ የሚያሰለጥን ሰው አለ? ሜዳው እንዴት ነው? ልጆቹ ተመዝግበዋል? የኢሳክን ዋጋ ሁላችንም ይዘነዋል፤ የእነዚህን መልስ የያዘ ወዲህ ይበል።