ደሜን ለምን ፈለጉት?

የዛሬው ወጌ ስለ ደም ነው። በየጦር ሜዳው ስለፈሰሰው አይደለም፤ እሱን ሌላ ሳምንት እንመለስበታለን። በብልቃጥ ስለሚቀዳው ነው።

እዚህ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ቡና ስንጠጣ የማውቀው አንድ ወጣት ባለታክሲ ሰሞኑን ወረቀት ይዞ መጣ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ራሱን ስቶ ወድቆ ሲንፈራገጥ ሐኪም ቤት ወስደውት፣ በኤምአርአይ ቢያዩት አንጎሉ ውስጥ የተወሳሰበ የደም ሥር ጉንጉን ተገኘ። ወረቀቱ ለምርምር ደም እንዲሰጥ ይጠይቃል። «ጋሼ፣ እስቲ ያንብቡልኝ። ደሜን ምን ሊያደርጉት ነው? እኔ አልፈርምም» አለኝ።

ጥርጣሬው ከሜዳ የበቀለ አይደለም። አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በተባለው ስፍራ የመንግሥት ጤና መሥሪያ ቤት ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁሮች ሳያክም ሲመለከታቸው ኖሯል። በ1974 የምርምር ሕግ የወጣውም ይህ ጉድ ከተጋለጠ በኋላ ነው።

ቢሆንም የሚፈልጉትን ማወቅ ይበጃል። በጤነኛ አንጎል ደም ከደም ቅዳ ተነስቶ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ግፊቱ በርዶ ወደ ደም መልስ ይገባል። በዚህ ልጅ ጉንጉን ውስጥ ቀጫጭኖቹ የሉም፤ ደም ቅዳው ቀጥታ ከደም መልሱ ይገጥማል። የቧንቧ ውሃ በሙሉ ኃይሉ ስስ ላስቲክ ውስጥ እንደ መልቀቅ ቁጠሩት። እንዲህ ያለባቸው መቶ ሰዎች ቢኖሩ በዓመት ከ2 እስከ 4 የሚሆኑት ይደማሉ። የትኞቹ? ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ገና ባልደሙ ሕመምተኞች ላይ የተካሄደው «አሩባ» የተባለ ጥናት በ2013 የተቋረጠው፣ በቀዶ ጥገና፣ በጨረር ወይም ሥሩን በመድፈን የታከሙት በመድኃኒት ብቻ ከተያዙት ይልቅ ስለተጎዱ ነው። ቀዶ ሐኪሞች ክትትሉ አጭር ነበር ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ክርክራቸውም ውኃ የሚያነሳ ይመስለኛል።

እንግዲህ የማን ሥር እንደሚፈነዳ ከደም ማንበብ ቢቻል ስንቱ በዳነ! ከድልድዩ ማዶ፣ የሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች በ2004 ኢንተርሉኪን-6 የተባለውን ጂን አንደኛውን ዓይነት የያዙ ሕመምተኞች ደምተው የመምጣታቸው ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። የሥር ግድግዳ የሚያላላው ኤምኤምፒ-9 በሕመምተኞች ደም ውስጥ እንደሚለዋወጥም ታይቷል። ግን ሌላ ቁስልም ስለሚለዋውጠው ምስክርነቱ አይጸናም። በ2018 ደግሞ ከ72 ሕመምተኞች በ45ቱ የጉንጉን ሥጋ ውስጥ ኬራስ የሚባለው ጂን ተበላሽቶ ተገኘ፤ ደማቸው አብሮ ከተመረመረው 21 ሰዎች ግን በአንዱም ደም ውስጥ አልታየም። ስለዚህ ዛሬ «በደም ምርመራ ቁርጥህን ልንገርህ» የሚል ቢመጣ አትመኑት።

ታዲያ ለምን ይሰጣል? ኒው ሜክሲኮን ተመልከቱ። ከጥንት የስፓኝ ሰፋሪዎች በተወለዱ ቤተሰቦች ውስጥ ሌላ ዓይነት፣ እንደ እንጆሪ የተጠቀጠቀ የደም ሥር ችግር በዘር ይወርዳል። ቤተሰቦቹ ደም ሰጡ፣ በ1999 ጂኑ ታወቀ። ዛሬ ልጃቸው መውረስ አለመውረሱን በአንድ ብልቃጥ ደም ያውቃሉ። የባለታክሲያችን ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በዘር አይወርድም፤ ነገር ግን የእኛ ሰው ደም በመዝገቡ ከሌለ ነገ የሚገኘው መልስ ለእኛ ይሥራ አይሥራ በምን ይታወቃል? ስንት ዓመት «ጥቁር» በሚለው ሣጥን ተጠቃለን ኖረናል። የፌዴራል መንግሥት በ2024 ባሻሻለው መመሪያ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ዝርዝር እንኳ የገባው ገና አሁን ነው።

እኔ ፈርም ባይ ነኝ፣ ግን ጠይቆ። ስሜ ከደሜ ጋር ይያያዛል? ለኩባንያ ይሸጣል? ሐሳቤን ብቀይርስ? እምቢ ብል ሕክምናዬ ይጓደላል? ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁን አታስጨንቁ።

ድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ ራስ ምታት፣ የሚከዳ እጅና እግር ወይም የሚተሳሰር አንደበት ሲያጋጥም ግን ታይሌኖል ውጦ መተኛት የለም፤ 911 ደውሉ።