የሞቱትን ማውሶች ለልጆቹ ስጧቸው

ኢሉባቦር ላይ ክረምት ሲገባ ልጅ ከቤት መውጫ ያጣል። ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምትቀበል ከተማ ናት፤ መቱም ቢሆን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የሰው ድምፅ አያሰማም። ባለፈው ክረምት እንዲህ በሚዘንብበት አንድ ከሰዓት የእህቴ ልጅ አራት የኮምፒውተር ማውሶች በፌስታል ቋጥሮ በስብሶ ገባ። «ኤሱማ፣ ሞተዋል ብለው ሊጥሏቸው ሲሉ ለምኜ ነው ያመጣኋቸው» አለኝ። ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው፤ እኛ ቤት አማርኛ ሲወራም ይህ ስም አይለወጥም።

ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን በካቻቢቴ ፈታናቸው። ከአራቱ ሦስቱ አልሞቱም ነበር። የሁለቱ ሕመም ገመዱ ወደ ሆዳቸው በሚገባበት አንገት ላይ ነው፤ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ኖሮ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል። የተጎዳውን ቆርጠን ጥለን ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ነጩን ከነጭ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ ስንቀጥለው መብራቱ ቦግ አለ። የሦስተኛው የግራ ቁልፉ ነው የደከመው። ከፕላስቲኩ ሥር ባለችው ትንሽ ማብሪያ ውስጥ የመዳብ ምላስ አለች፤ ቀን ከሌት ስትጫን ኖራ ትዝላለች። የቀኙን ማብሪያ ግን ብዙ የሚነካው ስለሌለ እንደ አዲስ ይቆያል። ስታኞውን አቅልጠን የሁለቱን ቦታ አለዋወጥን፣ ሠራ። አራተኛው በእርግጥም ሞቷል፤ እሱን ለመለዋወጫ አስቀመጥነው።

ልጁ የፈለገው ግን ማውስ መጠገን አልነበረም። ኳስ እየመለሱ ጡብ የሚያፈርሱበት ጨዋታ ኮምፒውተሬ ላይ አለ፤ ማውስ እየጎተቱ ሲጫወቱት ኳሷ ታመልጣለች። የዚህ ጨዋታ ዘር ሲፈጠር በማውስ አልነበረም። አታሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ፖንግ፣ በ1976 ያወጣው ብሬክአውት፣ የጃፓኑ ታይቶ በ1986 ያወጣው አርካኖይድ፣ ሦስቱም ሳንቲም በሚበላ ትልቅ ሳጥን ላይ ተገጥመው፣ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ በጣት በሚዞር እጀታ የሚጫወቷቸው ነበሩ። የጨዋታው ጥበብ ያለው እጀታውን በማዞሩ ላይ ነው፤ ልጁም የፈለገው ከማውስ እንዲህ ያለ እጀታ መሥራት ነበር። እኔ ባደግኩበት መቱ እንዲህ ያለ ሳጥን አላየሁም። ለእኛ የደረሰን ጆተኒ ነው፣ ከዚያ ቪዲዮ ቤት፣ ከዚያ ፕሌይስቴሽን ቤት።

ያ የቪዲዮ ቤት ዘመን ግን ሳናውቀው አንድ ነገር ትቶልን ሄዷል። አንድ ዘመዳችን ቆጥ ላይ የጣለው አሮጌ ዴክ ነበረው። ዴክ ውስጥ የካሴቱን ክር የሚያነበው ክብ ብረት፣ ባለሙያዎቹ «ሄድ» የሚሉት፣ በሰከንድ 25 ጊዜ እንዲዞር የተሠራ ነው፤ ስለዚህ የተቀመጠበት ኩሽኔታ እጅግ የጠራ ነው። በጣት ገፋ ሲያደርጉት ድምፅ ሳያሰማ ዞሮ ዞሮ አይደክምም። ከመኪና ኩሽኔታ ጋሪ ሠርቶ ቁልቁለት ለወረደ የሰፈር ልጅ የዚህን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልግም።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የዛሬ ማውስ ሆዱ ላይ ትንሽ ዓይን አለችው፤ በሰከንድ ከሺህ በላይ ሥዕል እያነሳች አንዱን ከቀጣዩ ጋር በማስተያየት ወደ የት እንደተንቀሳቀሰ ታውቃለች። ማውሱ ይቁም፣ ከፊቱ ያለው ነገር ይዙር፤ ለእሷ ያው ነው። ልጁ ዓይኗን በሚዞረው ብረት መካከል ላይ ደቅኖ አሰረና አዞረው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ተንቀጠቀጠች እንጂ አልሄደችም። ብረቱ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ዓይኗን አሳወራት ብሎ የደብተር ወረቀት ለጠፈበት፤ አሁንም አልሄደችም። እኔ ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስብ ከርሞ በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ኤሱማ፣ መሐሉ አይሄድም! የሚሄደው ዳሩ ነው» ብሎ ቀሰቀሰኝ። ዓይኗን ወደ ጠርዙ ሲያስጠጋት ቀስቷ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ውኃ ፈሰሰች። የክብ እንቅስቃሴን ፈተና የሚያልፉ ብዙ ተማሪዎች አሉ፤ ይህ ልጅ ግን በእጁ ይዞታል።

ኳሷን ለመተኮሻ ከሱቅ የገዛነውን የበር ደወል መጫኛ ከግራው ማብሪያ እግሮች ጋር በሽቦ አገናኘነው። እጀታው የሚቀመጥበትን ሳጥን አናጢ በወደቀ የዋንዛ ቁራጭ ሠራልን። እንጨት በመሆኑ ልጁ ትንሽ አፍሮበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በዳግላስ ኤንግልባርት ሐሳብ ቢል ኢንግሊሽ የሠራው የዓለም የመጀመሪያው ማውስም የተጠረበ እንጨት መሆኑን ስነግረው ግን ሳጥኑን አንስቶ ዳሰሰው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ወደ አንድ ጉዳይ ለመድረስ ነው። ጎረቤት ልጆች ሲሰሙ እነሱም መጡ፣ ማውስ ግን አለቀ። ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። የስቶሩ በር ሲከፈት ጥግ ላይ ገመዳቸው እንደ ሐረግ የተጠላለፈ ማውሶች በካርቶን ሞልተው አየሁ፤ አጠገባቸው አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ ኮምፒውተሮች። ንብረት ኃላፊው ቅን ሰው ናቸው። «በሞዴል 19 የገባ ያለ ሞዴል 22 አይወጣም፤ የተበላሸው ደግሞ ኮሚቴ ቆጥሮ ይወገድ ሳይል አይነካም» አሉኝ። ኮሚቴው መቼ እንደሚቀመጥ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

የመንግሥት ንብረት መጠበቅ እንዳለበት አምናለሁ። ለጀነሬተር፣ ለመኪና የወጣው ደንብ ግን የተበጠሰ ማውስ ላይ ሲያርፍ ከሚጠብቀው ይልቅ የሚያበሰብሰው ይበዛል። አዲስ አበባ አቃቂ ላይ ያረጁ ኮምፒውተሮች የሚበተኑበት ማዕከል አለ፤ አንድ ካርቶን ማውስ ጭኖ 600 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ግን የለም። እዚሁ እርጥበቱ ይበላዋል።

ወላጆች ጨዋታ ልጆቻችንን ከትምህርት አዘናጋ ሲሉ እሰማለሁ፤ ጨዋታ ቤት ውሎ የሚያድረውን ልጅ እኔም አልደግፍም። ያየሁት ግን ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ የሠራውን እጀታ ግማሽ ሰዓት ተጫወተበትና መልሶ ፈታው፤ ለምን አንዳንዴ እንደሚዘል ማወቅ ፈልጎ። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ኩኩሉ» የተባለውን ዶሮ ከገበሬ የምታመልጥበትን ጨዋታ ሲያወጣ አገር ውስጥ ጨዋታ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። የሚጨበጠውን ዕቃ ደግሞ የሚሠሩ ልጆች መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ በደሌ ውስጥ አሉ።

የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራንና የዞኑ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ሳይዘጋ አንድ ቀን ቆርጣችሁ ኮሚቴውን አስቀምጡ፤ የተበላሹትን ማውሶች ብቻ ከመዝገብ ሰርዛችሁ በየትምህርት ቤቱ ላለ የሳይንስ ክበብ በፊርማ አስረክቡ። የመቱ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ ስታኞ ማቅለጫችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እነዚህ ልጆች ውረዱ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም መሳቢያህን ክፈት፤ ገመዱ የተበጠሰ አንድ ማውስ አይጠፋም። ለሰፈርህ ልጅ ከካቻቢቴ ጋር ስጠው።