ዜማን በቅጽበት ማፍለቅ ትምህርት ስለ መሆኑ

አንድ የሙዚቃ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት ተቀምጦ የተጻፈለትን ኖታ አጥርቶ ማንበብና አሳምሮ መጫወት ቢችል፣ ወረቀቱ ሲነሣበት ግን እጁ በመሣሪያው ላይ የሚደርቅ ከሆነ፣ ትምህርቱ ተፈጽሟል ለማለት አያስደፍርም። ዜማን በቅጽበት ማፍለቅ፣ ፈረንጆች ኢምፕሮቪዜሽን የሚሉት፣ ከሙዚቃ ጥበብ ሥር የሚቈጠር ነውና።

ይህ የተፈጥሮ ስጦታ እንጂ ትምህርት አይደለም የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለው አሳብ ግን በኢትዮጵያ ምድር ሊነገር የማይገባው ነበር። በዋሸራም፣ በጎንጅም፣ በዋድላም የቅኔ መምህራን ብዙ ዘመን ሲያስተምሩ የኖሩት ይህንኑ የመሰለ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ ከዚያም ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ በኩል አልፎ፣ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ለብቻው ተቀምጦ ሲቈጥር የዋለውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናለታል፣ የማይረባውንም ያፈርስበታል። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ስለ ሆነ አዲስ ማምጣት ግዴታ ነው። ቅኔ መዝረፍ የሚቻለው ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ነው። ስጦታው ለሁሉ እኩል አይደለም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

በአውሮፓም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በ1747 በፈረንጅ አቈጣጠር በፖትስዳም የፕሩስያ ንጉሥ ፍሬድሪክ በሰጠው ዜማ ላይ ወዲያው ፉጋ ተጫውቷል፤ የጻፈውና ያሳተመው ኋላ ነው። በፓሪስ ኮንሰርቫቷርም ሴዛር ፍራንክ ከ1872 ጀምሮ ሲያስተምር የኦርጋን ተማሪዎች በፈተና ቀን በቅጽበት መጫወት ይጠየቁ ነበር።

እንግዲህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን የመሰለ ስፍራ ሥርዓቱን ከሩቅ አገር መዋስ አያሻውም። ተማሪው ብዙ ዜማ በጆሮው ይያዝ፤ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ አንዱን ቅኝት ወስዶ፣ መምህሩ በመሰንቆ ለሚጠይቀው አጭር ሐረግ በዚያው ቅኝት አጭር መልስ ይስጥ፤ ሐረጉም እየዋለ እያደረ ይርዘም። እርማቱም ወዲያው መሆን አለበት፤ እርማት የሌለው እንደ ሆነ ጣት ማሯሯጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ተቀበል» ሲባል ከአድማጭ የመጣለትን ግጥም ሳያመነታ በዜማ የሚመልስ አዝማሪም በዚህ ትምህርት መምህር ሊሆን ይገባዋል እንጂ ዲግሪ የለውም ተብሎ ከደጅ ሊመለስ አይገባም። የቅኔውንም መምህር ዕውቀቱን እንጂ ወረቀቱን የጠየቀው ተማሪ አልነበረም።

ፈተናውም እውነተኛ ይሁን። ለሳምንታት ተጠንቶ የመጣ «ድንገተኛ» ዜማ ድንገተኛነቱ በስሙ ብቻ ነው። ዜማው ለተማሪው የሚሰጠው በፈታኞቹ ፊት ከተቀመጠ በኋላ ነው።