የማይታየው ዐይብ፦ አፕና ቦት ስንሸጥ አብሮ የሚሸጠው አደራ



ድሮ ሱቅ ተሸጠ ሲባል ዕቃው ተቆጥሮ፣ ቁልፉ በእማኝ ፊት ይሰጥ ነበር። ዛሬ አንዳንድ ወጣቶቻችን የሚሸጡት ሱቅ መደርደሪያ የለውም። ሌሊት ሌሊት የሠሩትን አፕ፣ ወርሃዊ ክፍያ የሚሰበስብ ትንሽ ዌብሳይት ወይም የቴሌግራም ቦት ከነተጠቃሚው ይሸጣሉ። ገዢው አዲስ አበባም ሆነ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ሻጩን በአካል ሳያይ ይገዛል። ለዚህ ንግድ ብቻ የቆሙ ዓለም አቀፍ ገበያዎችም አሉ፤ ፍሊፓ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፣ ዛሬ አኳየር ዶት ኮም የሚባለው ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ማይክሮአኳየር በሚል ስም ተጀመረ።

አንዳንዱ «የማይዳሰስ ነገር ንግዱ ገረር ነው» ብሎ ጠቅላላውን ይሸሸዋል። ሌላው «ነጋዴ ብልጥ ነው» ብሎ ሁሉንም ይፈቅዳል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ኮዱ ይታወቃል፣ ገቢው ይመዘገባል፣ ርክክቡ ይፈጸማል። ነገሩ ግልጽ ከተደረገ እንደማንኛውም ንብረት ይሸጣል። የሚያሳስበኝ በዚህ ገበያ ዐይብን መደበቅ እጅግ ቀላል መሆኑ ነው።

ዋጋው እንዴት እንደሚወጣ እንይ። በብዛት የዓመቱ የተጣራ ትርፍ በተስማሙበት ቁጥር ይባዛል። በወር 500 ዶላር የሚያተርፍ አፕ በዓመት 6,000 ዶላር ያስገባል፤ በ3 እጥፍ ከተስማሙ 18,000 ዶላር ይሸጣል። ስለዚህ ወርሃዊ ትርፉን በ100 ዶላር ብቻ ያጋነነ ሻጭ ከገዢው ኪስ 3,600 ዶላር ያለ ሐቁ ወሰደ ማለት ነው። ማጋነኛው መንገድ ደግሞ ብዙ ነው። የዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ የከፈለ ደንበኛ የአንድ ወር ገቢ ተደርጎ ይቆጠራል። የሰርቨር ወጪ ይዘለላል። የውሸት ተጠቃሚና የውሸት አስተያየት ይገዛል። ሳይገዙ ዋጋ የሚያስወድዱበትን ነጅሽ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንደከለከሉ እናውቃለን፤ የውሸት ተጠቃሚ ከዚህ በምን ይለያል?

በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን የእህል ሻጩን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ ክምሩ አስገብተው እርጥበት አገኙ። ሰውዬው ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ ያታለለ ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ዝናቡን ያመጣው ሻጩ እንዳልነበር ልብ እንበል። ተጠያቂ ያደረገው እርጥቡን ከታች ማድረጉ ነው።

በሶፍትዌር ንግድም ዝናብ አለ። አፖሎ ሰዎች ሬዲትን የሚያነቡበት ተወዳጅ የአይፎን አፕ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ሬዲት ለመረጃው ክፍያ ሲጠይቅ፣ የአፑ ባለቤት ወጪው በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚደርስ አስልቶ ለተጠቃሚዎቹ በይፋ ተናገረ፤ አፑንም ጁን 30 ላይ ዘጋው። እንዲህ ያለ የዋጋ ጭማሪ ማስታወቂያ የደረሰው ሌላ ሰው ዝም ብሎ አፑን በጥሩ ዋጋ ቢሸጥስ? ኮዱ ይሠራል፣ ያለፈው ዓመት ገቢም እውነት ነው። እርጥቡ ግን ከታች ነው።

«ገዢው ራሱ ማጣራት ነበረበት» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ ገዢ በስክሪንሾት አይመን፤ የክፍያ አካውንቱ በቀጥታ ተከፍቶ ይታይ። ሆኖም የገዢው ስንፍና የሻጩን ግዴታ አያነሳም። ፉቀሃዎች ከሽያጩ በፊት የነበረ ድብቅ ዐይብ ያገኘ ገዢ የመመለስ መብት (ኺያር አል-ዐይብ) እንዳለው ያስተማሩት ለዚህ ነው።

ከገዢው ሌላ ማንም የማይጠይቀው ሦስተኛ ወገን አለ፤ ተጠቃሚው። ግሬት ሰስፔንደር የተባለ የክሮም ብሮውዘር ማሟያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሠሪው ማንነቱ በይፋ ላልታወቀ ወገን አስተላለፈው። በፌብሩዋሪ 2021 ጉግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ አገደው። ሰዎቹ ያመኑት የመጀመሪያውን ሠሪ ነበር፤ እምነታቸው ግን ሳይጠየቁ ተላለፈ።

ይህን ወደ እኛ እናምጣው። የሶላት ሰዓት የሚያሳይ አፕ ተጠቃሚው የት እንዳለ ያውቃል። ቁርኣን የሚያስቀራ ቦት የእናቶቻችንንና የልጆቻችንን ስልክ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። እነዚህን ከነተጠቃሚው ለቁማር ማስታወቂያ ለሚፈልግ ሰው መሸጥ ንግድ ብቻ ነው ልንል አንችልም። ሰዎቹ የገቡት ለዲናቸው ነው። ሀገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ አላህን ለሚፈራ ሰው ግን አማናው ከአዋጁ ይቀድማል።

ስለዚህ ለሚሸጥም ለሚገዛም የምለው ይህ ነው። የ12 ወር ገቢና ወጪ፣ አፑ የተንጠለጠለበት ድርጅት፣ ኮዱን ማን እንደጻፈው እና የሚሸጥበት ምክንያት በጽሑፍ ይስፈር። አላህ በሱረቱል በቀራ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆም አዟል፤ በቴሌግራም መልእክት ብቻ የአሥር ሺዎች ዶላር ውል አንዋዋል። ክፍያው በየወሩ ከሆነ ጠቅላላ ዋጋው ከመጀመሪያው ተቆርጦ ይታወቅ፣ ወለድ አይግባበት። ገንዘቡ ርክክብ እስኪያልቅ ሁለቱም በሚያምኑት ሦስተኛ ወገን እጅ ይቆይ። ተጠቃሚዎች ባለቤት መቀየሩ ይነገራቸው፣ መረጃቸውን ማጥፋት የፈለገም ያጥፋ።

«ይህን ሁሉ ከተናገርኩ ዋጋው ይወርዳል» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ሊወርድ ይችላል። ግን በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ሁለቱ ተገበያዮች እውነት ተናግረው ከገለጹ ንግዳቸው እንደሚባረክ፣ ከደበቁና ከዋሹ በረካው እንደሚነሳ ተምረናል። ከ18,000 ዶላር ላይ 3,000 ቀንሶ በሰላም የተኛ ሰው አልከሰረም።

ጥርጣሬ ያለባችሁን ውል ከመፈረማችሁ በፊት የምታምኗቸውን ዑለሞች ጠይቁ። አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና የተባረከ ያድርግልን፤ ከማታለልም ከመታለልም ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።